ማስረጃው ራሱ ማስረጃ ያስፈልገዋል

እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ላይ የነበረች አንዲት ጀልባ መብረቅ መታት። ባለቤቶቿና የመድን ድርጅቱ በጉዳቱ መጠን ባለመስማማታቸው ጉዳዩን ለግልግል ዳኛ አቀረቡ፤ እሱም 14,100 ዶላር እንዲከፈል ወሰነ። የግልግል ዳኛው ይህን ያህል ብቻ ብሎ የመወሰን ሥልጣን ነበረው ወይስ አልነበረውም የሚለው ክርክር ሜሪላንድ ወደሚገኘው የፌደራል ፍርድ ቤት ሲሻገር፣ ሁለቱም ወገኖች የስምምነታቸውን ይዘት ያስረዳሉ ያሏቸውን የኢሜይል ልውውጦች ከማመልከቻቸው ጋር አያይዘው አቀረቡ። ዳኛ ፖል ግሪም እ.ኤ.አ. በ2007 የሁለቱንም ማመልከቻ መለሱ። የውሳኔያቸው ሐተታ መቶ ገጽ ገደማ ነው፤ ስለ ጀልባዋ የሚያወራው ግን ጥቂቱ ነው። የቀረው ሁሉ በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ይሽከረከራል፤ እነዚህ ወረቀቶች የተባሉት ኢሜይሎች መሆናቸውን ማን አረጋገጠ? ማን እንደጻፋቸው፣ ማን እንደተቀበላቸው፣ ከየት እንደታተሙ በመሐላ የተናገረ አንድም ሰው አልነበረም። ሁለቱም ወገኖች በወረቀቶቹ ላይ ባይከራከሩም፣ ዳኛው ፍርድ የሚቆምበት መሬት አላገኙም።

ይህ ነገር ለብዙ ሰው የሕግ ሰዎች ጥቃቅን ፈሊጥ ይመስላል። አይደለም። ፍርድ ቤት ከሚሠራቸው ሥራዎች ሁሉ ቀድሞ የሚመጣው ይህ ነው። ቢላዋ፣ ደም ያለበት ሸሚዝ፣ ውል፣ የስልክ ቅጂ፣ ፎቶግራፍ፣ አንዳቸውም ከየት እንደመጡ ራሳቸው አይናገሩም። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ቢላዋ በግድያው ቦታ የተገኘው ቢላዋ መሆኑን የሚናገር ሌላ ነገር ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1975 ጀምሮ የሚሠራበት የአሜሪካ የፌደራል የማስረጃ ደንብ በ901ኛው ድንጋጌው ይህን ግዴታ በአጭሩ አስቀምጦታል። አንድን ነገር በማስረጃነት የሚያቀርብ ወገን፣ ነገሩ ‘ነው’ ያለውን መሆኑን ለማመን የሚያበቃ ማስረጃ አብሮ ማቅረብ አለበት። የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ ከዚሁ ይነሣል። ይህ ደንብ ሐሰትን የሚከላከለው መመዘኛውን ከፍ በማድረግ አይደለም፤ መመዘኛው ዝቅተኛ ነው፣ ዝቅተኛም መሆን አለበት። የሚከላከለው እያንዳንዱ ማስረጃ ስለ ራሱ ሊጠየቅ የሚችል ተጠሪ ይዞ፣ በግልጽ፣ በባላጋራው ፊት እንዲቀርብ በማስገደድ ነው።

ይህን ለመረዳት በዕለት ተዕለት ንግግር የሚቀላቀሉ ሦስት ጥያቄዎችን መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው፣ ነገሩ የተባለው ነገር ነው ወይ? የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ነገሩ የሚናገረው እውነት ነው ወይ? ሦስተኛው ደግሞ፣ እውነትም ቢሆን ለተያዘው ጉዳይ ምን ያህል ይመዝናል? ይላል። አንድ ደብዳቤ በእርግጥ ተከሳሹ የጻፈው ሊሆን ይችላል፤ ተከሳሹ ግን በደብዳቤው ዋሽቶ ሊሆን ይችላል። አንድ ደረሰኝ ትክክለኛ ማኅተም ያለበት ሊሆን ይችላል፤ ከተያዘው ዕዳ ጋር ግን አንዳች ግንኙነት ላይኖረው ይችላል። የማስረጃውን ማንነት ማረጋገጥ የሚመልሰው የመጀመሪያውን ጥያቄ ብቻ ነው። ይህን በር ያለፈ ሰነድ ገና የስሚ ስሚ ነው ተብሎ ሊወድቅ ይችላል፤ ከጉዳዩ ጋር አይያያዝም ተብሎ ሊመለስ ይችላል፤ ገብቶም ማንም ላያምነው ይችላል። ‘ማስረጃው ተቀባይነት አገኘ’ የሚለውን ዜና ‘እውነቱ ታወቀ’ ብሎ የሚያነብ ሰው ሦስቱን ጥያቄዎች አንድ አድርጓቸዋል።

በአሜሪካ ሥርዓት ሥራው በሁለት ሰዎች እጅ የተከፈለ ነው። ዳኛው ሰነዱ እውነተኛ መሆኑን አይወስንም። የሚጠይቀው፣ ጁሪ የሚባሉት ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች በቀረበላቸው ነገር ተነሥተው ‘አዎ፣ የተባለው ነው’ ብለው በአእምሮ ሚዛን ሊደርሱበት ይችላሉ ወይ? የሚለውን ነው። ይችላሉ ካለ ማስረጃው ይገባል፤ መጨረሻ ላይ አምኖ መቀበልም ሆነ መጣል የጁሪው ሥልጣን ነው። ባላጋራው በመስቀለኛ ጥያቄ ሊሞግተው፣ የራሱን ባለሙያ ሊያመጣበት፣ ሐሰተኛ ነው ብሎ ሊከራከርበት መብቱ እንደተጠበቀ ነው።

ማስረጃ እንዴት ይታወቃል?

ደንቡ የማረጋገጫ መንገዶችን አሥር ምሳሌዎች ይዘረዝራል፤ ምሳሌዎቹ ግን ሌላ መንገድ አይዘጉም። ከሁሉ የሚቀለው የሚያውቅ ሰው መጥቶ ‘ያየሁት ይህን ነው፣ ስንፈርም ነበርኩ’ ማለቱ ነው። የእጅ ጽሑፍን የሚያውቅ ተራ ሰውም ይመሰክራል፤ ነገር ግን ጽሑፉን የለመደው ለክርክሩ ሲባል መሆን የለበትም። ለዓመታት ደብዳቤ ሲጻጻፍ የኖረ የሥራ ባልደረባ ይመሰክራል፤ ትናንት ናሙና ያየ መርማሪ በዚህ መንገድ አይመሰክርም። በድምፅ ላይ ግን ደንቡ ለስለስ ይላል፤ ምስክሩ ድምፁን የሰማው በማናቸውም ጊዜ ቢሆን ይፈቀዳል። ስልክን በተመለከተ፣ የተደወለው ለአንድ የንግድ ድርጅት በተመደበ ቁጥር መሆኑና የተነገረውም በስልክ የሚካሄድ የንግድ ጉዳይ መሆኑ ይበቃል። ሰነዱ ራሱ በይዘቱ፣ በአጻጻፉ፣ ጻፈ የተባለው ሰው ብቻ ሊያውቀው የሚችለውን ነገር በመያዙ ሊታወቅ ይችላል። በማሽን የተመረተ ነገር ሲሆን፣ ማሽኑ ወይም ሥርዓቱ ትክክለኛ ውጤት እንደሚሰጥ ማሳየት ያስፈልጋል። የሕዝብ መዝገቦች፣ ማኅተም ያረፈባቸው የመንግሥት ሰነዶች፣ ጋዜጦችና የመሳሰሉት ደግሞ በሌላ ድንጋጌ ያለ ምስክር እንዲገቡ ተፈቅዷል፤ እነዚህን መፈብረክ አስቸጋሪ፣ ከተፈበረኩም ማጋለጡ ቀላል ነው በሚል ግምት።

ከአሥሩ መንገዶች አንዱ ለኢትዮጵያ አንባቢ ልዩ ትርጉም አለው። ሃያ ዓመት የሞላው፣ ሁኔታው ጥርጣሬ የማያስነሣ፣ እውነተኛ ቢሆን ሊቀመጥ በሚገባው ቦታ የተገኘ ሰነድ፣ የጻፉትና ያዩት ሰዎች ቢሞቱም ማንነቱ እንደተረጋገጠ ይቆጠራል። በቤተ ክርስቲያኖቻችን ይህ ሐሳብ ለዘመናት ሲሠራበት ኖሯል። የጉልትና የርስት ስጦታዎች፣ በጎንደር ዘመን ደግሞ የመሬት ሽያጮች ጭምር፣ በወንጌል መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ይመዘገቡ ነበር። ከጽሑፉ ሥር የዳኞች፣ የካህናትና የእማኞች ስም ይደረደራል፤ ጽሑፉን የሚፍቅ ወይም የሚለውጥ በግዝት ይታሰራል። እዚህ ላይ የሚታየው የመጽሐፉ ቅድስና ብቻ አይደለም። መዝገቡ ከእቃ ቤት ወጥቶ በግለሰብ እጅ አይገባም፤ ጠባቂው ይታወቃል፤ እማኞቹ በስም ተጠርተዋል፤ የተሰረዘ ነገር ቢኖር ብራናው ላይ ይታያል። ቦታ፣ ጠባቂ፣ እማኝ፣ ያልተነካካ ገጽ፤ የአሜሪካው ደንብ ስለ አሮጌ ሰነድ የሚጠይቀውም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

አንድን ነገር ከመሰሎቹ መለየት የማይቻል ሲሆን ሥራው ይከብዳል። ልዩ ቁጥር የተቀረጸበትን ሽጉጥ ፖሊሱ ቁጥሩን አንብቦ ያውቀዋል። ነጭ ዱቄት ግን ከሌላ ነጭ ዱቄት፣ ደም ከሌላ ደም በዓይን አይለይም። ስለዚህ ከተገኘበት ሰዓት ጀምሮ ማን ተረከበው፣ የት አስቀመጠው፣ ለማን አስረከበ የሚለው ርክክብ ያለማቋረጥ መታወቅ አለበት። አሜሪካ ውስጥ በታየው በኦ ጄ ሲምፕሰን የግድያ ክስ ላይ የተከሳሹ ጠበቆች ያነጣጠሩት በዚሁ ላይ ነበር። ከሲምፕሰን የተቀዳውን ደም የያዘውን ብልቃጥ አንድ መርማሪ ወዲያው ማስመዝገብ ሲገባው ይዞት ወደ ተከሳሹ መኖሪያ ቤት ሄዷል። ደሙን የቀዳው ነርስም መጀመሪያ 8 ሚሊ ሊትር ገደማ መቅዳቱን ተናግሮ ስለነበር፣ ጠበቆቹ 1.5 ሚሊ ሊትር የት ደረሰ ብለው ጠየቁ። ማስረጃው ግን ከችሎት አልወጣም። ገባ፤ ተፈተነ፤ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 3 ቀን 1995 ጁሪው ሲምፕሰንን በነጻ አሰናበተ። ውሳኔው ትክክል ነው የሚልም፣ ስሕተት ነው የሚልም ከዚህ አንድ ነገር መውሰድ ይችላል። በርክክብ ላይ የሚገኝ ክፍተት አብዛኛውን ጊዜ በሩን አይዘጋም፤ የማስረጃውን ክብደት ግን ይቀንሳል። የቀነሰውም ክፍተቱ ለባላጋራው ስለታየ ነው።

በጨለማ የተመዘነ ሰነድ

የማንነት ማረጋገጫ ሲበላሽ ምን እንደሚሆን ከድሬይፉስ ጉዳይ የበለጠ የሚያስተምር የለም። እ.ኤ.አ. በ1894 በፓሪስ የጀርመን ኤምባሲ የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ የፈረንሳይን ወታደራዊ ምስጢር ለመሸጥ የቀረበ ዝርዝር ያለበት ወረቀት ተገኘ። ጥርጣሬው በመድፈኛ መኮንኑ በካፒቴን አልፍሬድ ድሬይፉስ ላይ አረፈ፤ አይሁዳዊ መሆኑ ጥርጣሬውን አባባሰው። ጽሑፉን እንዲመረምሩ ከተጠየቁት አምስት ባለሙያዎች ሁለቱ የእሱ ጽሑፍ አይደለም አሉ። ነው ካሉት አንዱ አልፎንስ ቤርቲዮን ሲሆን፣ የወንጀለኞችን አካል በመለካት የመለየት ዘዴ የፈጠረ ዝነኛ ሰው ነበር፤ የእጅ ጽሑፍ ግን ሙያው አልነበረም። በወረቀቱና በድሬይፉስ ጽሑፍ መካከል ያለውን ልዩነት ሲጠየቅ፣ ድሬይፉስ ሆን ብሎ የራሱን ጽሑፍ አስመስሎ ስለጻፈ ነው አለ። በዚህ አስተሳሰብ መመሳሰሉም ጥፋተኝነትን ያሳያል፣ አለመመሳሰሉም ጥፋተኝነትን ያሳያል። በምንም መልስ ሊሸነፍ የማይችል መላምት ደግሞ ማስረጃ ሊባል አይችልም።

ከዚህም የከፋው በዝግ ችሎት የተደረገው ነገር ነው። ዳኞቹ ለውሳኔ ሲቀመጡ ተከሳሹም ጠበቃውም ያላዩት የምስጢር ፋይል ተሰጣቸው። በፋይሉ ውስጥ ያሉት ወረቀቶች የተባሉት ነገር መሆናቸውን የጠየቀ አልነበረም፤ ሊጠይቅ የሚችለው ሰው መኖራቸውን አያውቅምና። ድሬይፉስ ተፈርዶበት ወደ ዲያብሎስ ደሴት ተጋዘ። በ1896 ፒካር የተባለ ሌላ መኮንን ጽሑፉ የሻለቃ ኤስተርሃዚ መሆኑን ሲደርስበት፣ በስለላ ክፍሉ ይሠራ የነበረው ሻለቃ አንሪ ድሬይፉስን በስም የሚያነሣ ደብዳቤ ፈበረከ። በ1898 የጦር ሚኒስትሩ ይህንኑ ደብዳቤ እንደ ቁርጥ ማስረጃ በፓርላማ አነበቡት፤ ብዙ ተጨበጨበላቸው። ሐሰቱን ያጋለጠው ታላቅ ጠቢብ አልነበረም። ካፒቴን ኪዩኜ የተባለ መኮንን ነሐሴ ውስጥ አንድ ሌሊት በመብራት ወረቀቱን ሲመረምር፣ ደብዳቤው ከሁለት ወረቀቶች ተቆራርጦ የተገጣጠመ መሆኑን አየ፤ በወረቀቱ ላይ የተሰመሩት ቀጫጭን መስመሮች ቀለማቸው የተለያየ ነበር። አንሪ ነሐሴ 30 አመነ፤ በማግስቱ በታሰረበት ሞቶ ተገኘ። ድሬይፉስ ሙሉ በሙሉ ነጻ የወጣው ግን በ1906 ነበር።

ወረቀቱን በመብራት የማየት ዕድል ለጠበቃው በጊዜው ተሰጥቶ ቢሆን ኖሮ፣ ደብዳቤው ፓርላማ ደርሶ ባልተጨበጨበለት ነበር። ጉድለቱ የመመዘኛው ዝቅተኛነት አልነበረም። በምስጢር ፋይሉ ላይ ምንም መመዘኛ አልቀረበም፤ ዳኞቹ የሚያምኑት አለቆቻቸውን ነበር። ተመሳሳይ ስሕተት ከዘጠና ዓመት ገደማ በኋላ ከፍርድ ቤት ውጭ ተደግሟል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1983 የጀርመኑ ሽተርን መጽሔት የሂትለርን የግል ማስታወሻዎች አግኝቻለሁ ብሎ ለዓለም አወጀ፤ ለማስታወሻዎቹም 9.3 ሚሊዮን ማርክ ወጥቶባቸዋል። የእጅ ጽሑፍ ባለሙያዎች ከናሙናዎች ጋር አነጻጽረው እውነተኛ ነው ብለው ነበር። ችግሩ ከናሙናዎቹ መካከል ያው አጭበርባሪ፣ ኮንራድ ኩያው፣ የፈበረካቸው መኖራቸው ነው። ሐሰት ከሐሰት ጋር ተነጻጽሮ ተመሳሰለ። የጀርመን ፌደራል ቤተ መዛግብት ወረቀቱን ሲያስመረምር ግን ከጦርነቱ በኋላ ብቻ ሥራ ላይ የዋለ ማንጫ ኬሚካል ተገኘበት፤ ነገሩ በሁለት ሳምንት ውስጥ አበቃ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ የሚለው ብሂላችን እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል። ማነጻጸሪያው ራሱ ከየት እንደመጣ ሳይጠየቅ የሚደረግ ንጽጽር ዋጋ የለውም።

ለተቃውሞዎች መልስ

በዚህ አስተሳሰብ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ ጠንካራ ነው። ፍርድ ቤት የሰውን ነጻነትና ንብረት የሚወስን ከሆነ፣ ‘ሊሆን ይችላል’ በሚል መለኪያ ሰነድ ማስገባት አደጋ አይደለም ወይ? ተቃውሞው የሚረሳው ነገር፣ ከፍ ያለ መመዘኛ ሐሰትን ብቻ ሳይሆን እውነትንም እንደሚያስቀር ነው። ሁሉም ሰነድ ያለ ጥርጥር ይረጋገጥ ቢባል፣ ሰነድ የሚያመርቱና የሚያስቀምጡ ባንኮች፣ መሥሪያ ቤቶችና ትልልቅ ድርጅቶች ብቻ ይረታሉ። በሞባይል ስልኩ ላይ ያለውን ዛቻ ይዞ የሚመጣ ተራ ሰው ይሸነፋል። ዳኛው በር ላይ ቆሞ እውነቱን ሙሉ በሙሉ ከወሰነም የጁሪው ሥራ ከንቱ ይሆናል።

ዝቅተኛ መመዘኛ ባዶ መመዘኛ አለመሆኑን የማኅበራዊ ገጾች ክርክሮች አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የሜሪላንድ ከፍተኛ ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ የተከሳሹ ጓደኛ ናት ከተባለች ሴት ማይስፔስ ገጽ ላይ የታተመ ወረቀት በበቂ ሁኔታ ሳይረጋገጥ ገብቷል ብሎ የቅጣት ፍርዱን ሻረ። የልደት ቀንና ፎቶግራፍ ማንም ሰው ለጥፎ ገጽ ሊከፍት ይችላልና፤ ገጹን የከፈተችውን መጠየቅ፣ ኮምፒውተሯን መፈተሽ ወይም ከድርጅቱ መረጃ ማምጣት ይቻል ነበር አለ። በማግስቱ ዓመት የቴክሳስ ከፍተኛ የወንጀል ይግባኝ ፍርድ ቤት በተመሳሳይ ገጽ ላይ ተቃራኒ ውሳኔ ሰጠ፤ በዚያ ጉዳይ ግን የተከሳሹ ንቅሳት የሚታይባቸው ፎቶዎች፣ ስለ ተኩሱና በእግሩ ላይ ስለታሰረው የመቆጣጠሪያ መሣሪያ የተጻፉ ዝርዝሮች ተደራርበው ነበር። በ2014 ደግሞ ኒው ዮርክ የሚገኘው የሁለተኛው ክልል የፌደራል ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ቪኬ ከተባለው የሩሲያ ማኅበራዊ ድረ ገጽ የታተመ ገጽ ላይ የተመሠረተ ፍርድ ሻረ። ገጹ ስለ ተከሳሹ መሆኑ ግልጽ ነበር፤ ገጹን የከፈተው ተከሳሹ መሆኑን የሚያሳይ ግን አልቀረበም። በሦስቱም ጉዳዮች የተጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው። መልሱን የለየው በእያንዳንዱ መዝገብ ላይ የነበረው ማስረጃ ነው፤ የሚፈለገውም ይኸው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሌላ አቅጣጫ ይመጣል። ማንነት ማረጋገጥ ገንዘብና ጊዜ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ደንቡ ድሀውን ይጎዳል ይላል። ይህ ተቃውሞ እውነት አለው፤ መልሱ ግን ደንቡን ማንሣት ሳይሆን መንገዶቹን ማብዛት ነው። ተከራካሪዎች የማያከራክራቸውን ሰነድ አስቀድመው በስምምነት ሊያስገቡ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2017 ጀምሮ በአሜሪካ ፌደራል ፍርድ ቤቶች ከኮምፒውተር የተቀዳ መረጃ ባለሙያ ችሎት ሳይቀርብ በጽሑፍ ማረጋገጫ እንዲገባ ተፈቅዷል። ባለሙያው የዋናውንና የቅጂውን ሐሽ፣ ማለትም ከፋይሉ ይዘት በስሌት የሚወጣውን መለያ ቁጥር፣ አነጻጽሮ አንድ መሆኑን ያረጋግጣል፤ ከፋይሉ አንዲት ፊደል ብትቀየር ቁጥሩ ይቀየራል። ማረጋገጫው ግን አስቀድሞ ለባላጋራው ይደርሳል፤ ባላጋራው ሊመረምረውና ሊቃወመው ይችላል። ወጪው ቀነሰ፤ ግልጽነቱ አልቀነሰም።

ይህ ጥያቄ በአሜሪካ ጥገኝነት የሚጠይቁ ኢትዮጵያውያንንና ኤርትራውያንን በቀጥታ ይነካል። የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤቶች በፌደራሉ የማስረጃ ደንብ ጥብቅ ግዴታ የለባቸውም፤ ነገር ግን ከውጭ አገር የመጣ የመንግሥት ሰነድ እንዴት በባለሥልጣን እንደሚረጋገጥ የሚወስን የራሳቸው መመሪያ አለ። መመሪያው ቃል በቃል ቢተገበር፣ የፈለሰ ሰው የእስር ማዘዣውን ካሳደደው መንግሥት አስመስክሮ ይምጣ ማለት ይሆናል። በፊላደልፊያ የሚገኘው የሦስተኛው ክልል ይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2004 ከቻይና በመጡ ጥገኝነት ጠያቂዎች ጉዳይ ላይ ይህ መመሪያ ብቸኛው መንገድ አይደለም፤ ሰነድ በሌላ መንገድም ሊረጋገጥ ይችላል ብሎ ወሰነ። ስለዚህ ሰነዱን ማን እንደላከው፣ እንዴት እጁ እንደገባ፣ ፖስታው የት እንዳለ፣ የላከው ዘመድ ምን ብሎ በመሐላ እንደጻፈ የሚያስረዳ ሰው መንገዱ ክፍት ነው። ወረቀቱን ብቻ አስይዞ መላክ ግን አይበቃም። የርክክቡን ታሪክ ከመጀመሪያው ቀን መዝግቦ መያዝ ለፍርድ ቤት ጌጥ ሳይሆን የሰውን ሕይወት የሚወስን ነገር ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የዘመናችን ነው። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራው ዲፕፌክ ማንኛውንም ፊትና ድምፅ ሊፈበርክ ከቻለ፣ ‘ድምፁን አውቀዋለሁ’ የሚል ምስክር ምን ዋጋ አለው? ይላል። ስጋቱ እውነተኛ ነው፤ የአሜሪካ የማስረጃ ደንብ አማካሪ ኮሚቴም በዚሁ ላይ አዲስ ድንጋጌ ይጨመር ወይስ አይጨመር ሲመክርበት ቆይቷል። ነገር ግን ከሐሰተኛው ቪዲዮ እኩል አደገኛ የሆነ ሌላ ነገር አለ፤ እውነተኛውን ቪዲዮ ‘ዲፕፌክ ነው’ ብሎ መካድ። የሕግ ምሁራኑ ቦቢ ቼስኒና ዳንየል ሲትሮን ይህን አስቀድመው አስጠንቅቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 በካሊፎርኒያ በታየ የሞት አደጋ ክስ የቴስላ ጠበቆች፣ ኢላን መስክ ስለ መኪናዎቹ ራሳቸውን ችለው መሄድ በ2016 በአደባባይ የተናገረው ንግግር ቅጂ ዲፕፌክ ሊሆን ይችላል የሚል መከራከሪያ አቀረቡ። ዳኛዋ አልተቀበሉትም። ታዋቂ ሰው በመሆኑ ለዲፕፌክ ይጋለጣል በሚል ብቻ ንግግሩን አለማረጋገጥም አለመካድም የሚችል ከሆነ፣ ታዋቂ ሰዎች በአደባባይ ከተናገሩት ሁሉ ተጠያቂነት ያመልጡ ነበርና፤ መስክ ቀርቦ በመሐላ እንዲጠየቅ አዘዙ።

በእኔ እምነት ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው። ‘ሊፈበረክ ይችል ነበር’ የሚል ባዶ ጥርጣሬ ማስረጃን መጣል የለበትም፤ ሁሉም ነገር ሊፈበረክ ይችላልና፤ የአንሪ ደብዳቤም በመቀስና በሙጫ ተፈብርኳል። ተቃዋሚው የሚጨበጥ ምክንያት ሲያቀርብ ግን አቅራቢው ተጨማሪ ማስረጃ ማምጣት አለበት፤ ዋናው ፋይል የት አለ? በየትኛው መሣሪያ ተቀረፀ? በቦታው ማን ነበር? ሌላ ካሜራ ወይም ምስክር አለ ወይ? ጥያቄዎቹ አዲስ አይደሉም። ዲፕፌክን የሚያጋልጥ ሶፍትዌር ይረዳ ይሆናል፤ ነገር ግን ውሳኔውን ለማሽን ብንተው የቤርቲዮንን ስሕተት በአዲስ መልክ እንደግመዋለን። እንዴት እንደደረሰበት ሊጠየቅ የማይችል ባለሙያ፣ ሰውም ይሁን ሶፍትዌር፣ የዳኝነትን ወንበር መያዝ የለበትም።

በእኛ ፍርድ ቤቶች

ኢትዮጵያ ጁሪ የላትም፤ የማስረጃ ሕጓም በአንድ መጽሐፍ አልተጠቃለለም። ድንጋጌዎቹ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በሥነ ሥርዓት ሕጎቹና በልዩ ልዩ አዋጆች ተበትነው ይገኛሉ። መሠረተ ሐሳቡ ግን አለ። በጽሑፍ መደረግ ያለበት ውል በተዋዋዮቹ ተፈርሞ በሁለት ምስክሮች እንዲረጋገጥ ሕጉ ያዛል፤ መጻፍ የማይችል ሰው በጣት አሻራው ይፈርማል፤ የማየት ወይም የማንበብ ችሎታ ለሌለው ሰው ደግሞ ፊርማው በአዋዋይ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። ይህ ጥበብ ማረጋገጫውን ክርክሩ ከመነሣቱ በፊት፣ ሰነዱ ሲወለድ ያኖረዋል። የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 922/2008ም በዚሁ መንገድ የሚሄድ ነው። በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ተጀምሮ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ፍርድ በተሰጠበት የደርግ ባለሥልጣናት ክስ ደግሞ ዐቃቤ ሕግ ያቀረበው የሰው ምስክር ብቻ አልነበረም፤ የደርግ መንግሥት ራሱ ጽፎና ፈርሞ በመዝገብ ቤት ያስቀመጣቸው ትእዛዞችና ቃለ ጉባኤዎችም ነበሩ። የተገኙበት ቦታና የተፈረመባቸው ስም ለማስረጃዎቹ ጉልበት ሰጥቷቸዋል።

ዛሬ ግን ወደ ችሎት የሚመጣው ማስረጃ በሁለት እማኞች ፊት የተወለደ አይደለም። የቴሌግራም መልእክት፣ የስልክ ቅጂ፣ የባንክ የሞባይል ማስተላለፊያ ምስል ነው። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010ና የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለዲጂታል ሰነድ ሕጋዊ ዋጋ ሰጥተዋል። ዋጋ መስጠት ግን ማንነትን ማረጋገጥ አይደለም። ዳኛው ራሱ ፍሬ ነገሩንም ሕጉንም በሚወስንበት ሥርዓት ‘ይግባና በኋላ እመዝነዋለሁ’ ማለት ይቀናል፤ ይህም ከነአካቴው ሳይጠየቅ ማለፍ እንዳይሆን ያሰጋል። መድኃኒቱ የአሜሪካን ደንብ መገልበጥ አይደለም። ዳኛው በፍርዱ ሐተታ ላይ ይህን ሰነድ የተባለው ነገር ነው ያልኩት በዚህ በዚህ ምክንያት ነው ብሎ እንዲጽፍ ማስለመድ ነው። ምክንያቱ ከተጻፈ ይግባኝ ሰሚው ያየዋል፤ ተከራካሪው ይሞግተዋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ማስረጃ የሚይዘው ፖሊስና ጠበቃም ምን ማስተካከል እንዳለበት ያውቃል። ባላጋራን በሕዝብ ፊት በጥያቄ የማፋጠጥ ሥርዓት ለያዘው የበላ ልበልሃ ባህል ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

እንግዲህ ክርክሩን በአንድ ላይ እናስቀምጠው። ሐሰተኛ ሰነድ ከዚህ በፊት ነበር፤ ወደፊትም ይኖራል፤ ከቀን ወደ ቀንም ይራቀቃል። ሐሰትን ሁሉ በር ላይ የሚያስቀር መመዘኛ ሊበጅ አይችልም፤ ቢበጅም አብሮት እውነትን ያስቀራል። ማድረግ የሚቻለው አቅራቢው ስለ ማስረጃው መነሻ ተጠያቂ እንዲሆን፣ ማስረጃውን የሚያስተዋውቀው ሰው እንዲጠየቅ፣ ባላጋራው አይቶ እንዲሞግት፣ ዳኛውም ያመነበትን ምክንያት እንዲጽፍ ማድረግ ነው። ድሬይፉስን ወደ ደሴት ያጋዘው እነዚህ አራቱ በአንድ ክፍል ውስጥ መጓደላቸው ነበር። በአራቱ ላይ የሚጸና ፍርድ ቤት አንዳንድ ጊዜ ይሳሳታል፤ ስሕተቱን ግን የሚያርምበት መንገድ አይጠፋውም።